በሌለንበት አይፈረድብን

የተከበራችሁ የገጽና የግሩፕ አስተዳዳሪዎች፣ የዩቲዩብና የቲክቶክ ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ስለ ተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። ስለ ኃላፊነታችን ግን ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ስለተባለ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ጽሑፋችን ሲነሳ፣ ገጻችን ሲዘጋ፣ ምክንያቱ በምናነበው ቋንቋ ይነገረን። አቤቱታችንንም አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው። የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

የማስተዳድረውን የጠፋ ሰው መፈለጊያ ገጽ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተከፈተ ነው። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ቤተሰብ ተበትኖ ነበር። ሰው የሚፈልገውን ሰው ፎቶ፣ ሙሉ ስሙን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና የራሱን ስልክ ይልክልናል፤ እኛ እንለጥፋለን። እናንተም ሼር እያደረጋችሁ ስንቱን አገናኝታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከወልድያ አንዲት እናት ነበሩ። ከተማዋ በተያዘችበት ሰሞን ልጃቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር ሸሽቶ ወጥቶ ቀረ። የላኩልን ፎቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፍሬም በስልክ የተነሳ ነው። መብራቱ መስተዋቱ ላይ አንጸባርቆ የልጁን ግራ ጆሮ ሸፍኖታል። ከሥሩ የእኅታቸው ልጅ እሳቸው እየነገሯት የጻፈችው አለ፦ «ቀይ ሹራብ ለብሷል፤ ሲናገር ይኮላተፋል፤ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ ጥሩት።» ለጠፍነው። ማታ ላይ አንድ ሰው ከሥሩ ኮሜንት ጻፈ። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚመስለውን ልጅ አይቻለሁ፣ ነገ ጠዋት አጣርቼ ስልክ አስቀምጣለሁ አለ። እናትየው ያን ሌሊት እንዳልተኙ በኋላ ነግረውኛል።

ጠዋት ገጹ የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መልእክት ብቻ አለ፤ የማኅበረሰቡን ደንብ ስለጣሳችሁ ተዘግቷል ይላል። የትኛው ጽሑፍ? የትኛው ደንብ? አይልም። አቤቱታ ማቅረቢያውን ተጫንን፤ መታወቂያ ላኩ አለ፤ ላክን። መልሱ ገና ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ መጣ፤ ጉዳያችሁ ታይቷል፣ ውሳኔው አይለወጥም። በዚያ ፍጥነት ያን ሁሉ አማርኛ ማን አነበበው? ማንም!

ሴትዮዋ በየቀኑ ይደውላሉ። «ያ ሰውዬ ምን አለ ልጄ?» ይሉኛል። ኮሜንቱ ከገጹ ጋር ሄዷል፤ የጻፈውን ሰው የምናገኝበት መንገድም አብሮ ሄዷል። ልጁ፣ ተመስገን፣ ተገኝቷል። ያገኘው አጎቱ ነው፤ ከመጠለያ መጠለያ እየዞረ፣ ፎቶውን ለጥበቃው ሁሉ እያሳየ፣ ያለችውን በግ ሸጦ የትራንስፖርት እየከፈለ። ድርጅቱን በስም አልጠራም። ምናልባት ማሽኑ የስልክ ቁጥሩ በዝቶበት ይሆናል፤ ምናልባት የሪፖርት ዘመቻ ተከፍቶብን ይሆናል። እስከ ዛሬ የነገረን ስለሌለ ከግምት በላይ መሄድ አልችልም።

ታዲያ ምንም አይነሳ ነው የምትዪው የሚለኝ ሰው አለ። አይደለም! መነሳት ያለበት ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሆን በዚህች አገር አይተናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ፎቶአቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ልጃቸው ደጋግሞ ሪፖርት አደረገ። ጥቅምት 24 ቀን አባትየው ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በራቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጁ ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ እንደሚለው፣ ጽሑፉ ደንብ ጥሷል የሚለው መልስ የደረሰው አባቱ ከተገደሉ ከ8 ቀን በኋላ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያው ፍርድ ቤት ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ያ ልጅ ጉዳዩን እዚያ ድረስ ለመውሰድ ስደተኛ መሆን ነበረበት።

የጠፋ ልጅ ያለበትን የሚጠቁም ኮሜንት በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ሰው የሚያስገድል ጽሑፍ ሬሳ ከተቀበረ በኋላም ይቆያል። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ወንበሩ ላይ አንባቢ የለም! የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 6 ቋንቋ አለ፣ የድርጅቱ የደኅንነት ሥርዓት የሚሠራው ግን በ2ቱ ነው ብላለች። ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ በላይ የሚኖርባት አገር ናት። በማስታወቂያው ገንዘብ ጊዜ ቋንቋችን አልከበዳቸውም!

አንባቢ ሲኖርም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ ራያ ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነበር። የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎች በዚያ ተፈጸመ በተባለው ግፍ ተባብረዋል የሚል ነው። መጀመሪያ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ አነሳው። ጸሐፊው ለድርጅቱ የቁጥጥር ቦርድ ይግባኝ ካለ በኋላ ተሳስተን ነበር ብሎ መለሰው። ቦርዱ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር፣ ይነሳ አለ። ተነሳ፣ ተመለሰ፣ ተነሳ። በውሳኔው ብትስማሙም ባትስማሙም፣ ያ ጸሐፊ የሁላችንም ያልሆነ ነገር አግኝቷል፤ ቃሉ ተሰምቷል፣ ምክንያቱም ተጽፎ ተሰጥቶታል። ቦርዱ በዓመት የሚያየው ከሚቀርብለት ይግባኝ በጣም ጥቂቱን ነው። የቀረው ሚሊዮን ሰው የት ይሂድ?

አባቶቻችን ዘንድ ሁለት ባላጋራዎች ነጠላቸውን አቋጥረው አብረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከሳሹ በዓይን ይታያል፣ ክሱ በቃል ይነገራል፣ ተከሳሹ ይሟገታል፣ መንገደኛውም ዳኛ ቢሆን ሰምቶ ነው የሚፈርደው። እኛን የሚከሰን አይታይም፤ ክሱ አይነበብልንም፤ ፈራጁ ቋንቋችንን አይሰማም! ይህን ከቴክኖሎጂ ጋር መጥቷልና ተቀበሉ አትበሉኝ፤ አልቀበልም!

አይቻልም እንዳይሉን ደግሞ፣ እየሠሩት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎት ሕግ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹም የኢንተርኔት መድረኮች ላይ ይሠራል። ጽሑፍ ሲነሳ ወይም አካውንት ሲታገድ ምክንያቱና የተጠቀሰው ደንብ ይገለጻል፤ የውሳኔው ሂደት በማሽን ታግዞ እንደሆነም ይነገራል። የይግባኝ ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስቶክሆልም ያለው ዘመዳችን ይህ መብት አለው። ደሴ ያለው የለውም። ሰውየው አንድ፣ አማርኛውም አንድ!

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው የእኛ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለድርጅቶቹ 24 ሰዓት የሰጠው ለማንሳት ነው። ያላግባብ ለተነሳበት ሰውም የምክንያትና የይግባኝ መብት በግልጽ እንዲጻፍለት እንጠይቃለን። መንግሥትም ኢንተርኔትን ሙሉ በሙሉ እየዘጋ ስለ ገጽ መዘጋት ሊሟገትልን አይችልም፤ ይህንንም እዚሁ ማለት አለብኝ።

ስለ ዩቲዩብ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በ90 ቀን ውስጥ 3 ስትራይክ፣ ማለትም የደንብ ጥሰት ቅጣት፣ ከደረሰባችሁ ቻናሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ይግባኝ በሉበት። ሥራችሁን ሁሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አስቀምጡ፤ የደንበኞቻችሁን ስልክም ጭምር።

ናይሮቢ ተቀምጠው ለፌስቡክ የእኛን ቋንቋዎች ሲያነቡ የነበሩት ልጆችም ይታሰቡ። ቀኑን ሙሉ የሬሳ ቪዲዮ እያዩ ሠርተው ሲባረሩ፣ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ከ180 በላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታን ከስሰዋል። አንባቢ ይቀጠር ስንል እንደ እነሱ ተጎድቶ የሚወድቅ ሰው ይቀጠር ማለታችን አይደለም። በቂ ደመወዝና ሕክምና ያለው ይሁን።

ደብዳቤው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምክንያቱ በቋንቋችን ይጻፍልን፣ ይግባኙን ሰው ይየው። ገጽ የተዘጋባችሁ፣ የደረሳችሁን መልእክት ፎቶ አንስታችሁ ቀኑን ጽፋችሁበት አያይዙ። ያለ ማስረጃ አንሄድም። ከሰኞ በፊት ፊርማው ተሰብስቦ ያልቃል፤ የሚቀረው የእናንተ ነው።

አመሰግናለሁ።