የጥቅምቷ አደይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አደይ አበባ ላውራችሁ። «ጊዜዋ አለፈ እኮ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አበባየሆሽ ተጨፍሯል፣ ደመራውም ተለኩሷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜዋ ነው።

ከተማ ውስጥ አደይን የምናውቃት ታስራ ነው። ከቄጠማ ጋር መንገድ ዳር እንገዛታለን፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሁለት ቀን ትሰነብትና ትጠወልጋለች። ቦታዋ ግን ድንጋያማው ተረተር፣ የደኑ ዳርቻ፣ የማሳው ድንበር ነው፤ ሞፈር የማይደርስበት ሁሉ። ሐምሌ ላይ በአጠገቧ ብታልፉ ከአረሙ አትለዩዋትም። ደግሞ ዕድሜዋ አንድ ወቅት ነው፤ ዘር ካልጣለች ለከርሞ የለችም።

እስቲ አንዷን ያዙና መሃሏን በጥፍር ፈልቀቅ አድርጉት። አንድ አበባ የምንላት ብዙ ደቃቅ አበቦች ተጠጋግተው ነው። ዙሪያውን ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ዘር አይዙም፤ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘር የሚቋጠረው መሃል ላይ ነው፤ ልጆች ሲስሏት ነጥብ አድርገው የሚያልፉት ቦታ። በነገራችን ላይ ልብስ ላይ የሚሰካው ጨጎጊት የቅርብ ዘመዷ ነው። ዘመድ አይመረጥም!

አጎቴ ንብ ያረባል። እሱ አደይን በእንቁጣጣሽ አይቆጥራትም። ጥቅምት ሲገባ ቀፎው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት አዝለው ሲገቡ ያያል። «ዘንድሮስ ማር እንቆርጣለን» ካለ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። በደጋው ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ የአደይ ማር የሚባለው ቢጫው ማርም ያኔ ነው የሚገኘው። ከሩቅ ቢጫ የሆነ ሁሉ ግን አደይ አይደለም፤ መጭም አለ፣ ኑግም አለ። ንቦቹ ሦስቱንም ይቀስማሉ፤ የሚምታታብን እኛ ነን።

አትቀጠፍ አልልም። የእንቁጣጣሽ ጠዋት ያለ አደይ አይሆንልኝም፤ የፕላስቲኳን ደግሞ አታንሱብኝ! ከነሥሯ ስትነቀል ግን እናደዳለሁ። ግንዱን ከላይ ብትቆርጡት ከታች ያለው እምቡጥ ይፈነዳል፣ ዘርም ይጥላል። ግቢ ያላችሁ ደግሞ ራሷ ሲደርቅ ዘሯን በእጃችሁ አራግፉና አስቀምጡት፤ ክረምት ሲገባ አጥሩ ሥር፣ ድንጋይ የበዛበት ላይ በትኑት። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።