እምቦጭ ነሽ

እሺ... እየቀዳ ነው። ዛሬ ከቤት አይደለሁም። ጊዮርጊስ ጀርባ ሐይቁ ዳር ተቀምጫለሁ፤ ነፋሱ ከረበሻችሁ ይቅርታ። ወይዘሮ ሻንጣም አጠገቤ ናት። ዚፗ አሁንም አልተሠራም፤ አትጠይቁኝ።

ለአዲሶች፦ ሜድ ሬፕ ነኝ፤ የኩባንያዬን መድኃኒት ለዶክተሮች አስተዋውቃለሁ። ስለ ኮሚሽን ነበር ላወራ ያሰብኩት። ግን የማክሰኞው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

የዶክተሩን ታሪክ መቼም ታውቁታላችሁ። 17 ጊዜ። ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ በሽተኛ ሲወጣ ብቅ ብዬ፣ "ዛሬ ጊዜ የለኝም" ተብዬ፣ በሳምንቱ ተመልሼ። በ17ኛው ሳቀና "አንቺ ልጅ እምቦጭ ነሽ እንዴ? ቢነቅሉሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። ከዚያ የኛዋን፣ የኩባንያችንን የደም ግፊት መድኃኒት ማለቴ ነው፣ ለበሽተኞቹ መጻፍ ጀመረ። ለአዳዲስ ሬፖች ስልጠና ላይ ሁሉ አውርቼዋለሁ። አጨብጭበውልኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት። ስቶክ ለማየት ፋርማሲ ገብቻለሁ። የኛዋ ካለቀች ሦስት ሳምንቷ ነው። ዶላር፣ የባንክ ኤልሲ፣ ጉምሩክ... ያው የምታውቁት። አንድ አባት ገቡ። ከዘጌ ነው የመጡት። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ብሩም ወረቀቱም እዚያው ተቋጥሯል። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፏል። የዶክተሩን ጽሑፍ ማንም አያነበውም፤ እኔ ከሩቅ አነበብኩት። የኛዋ ስም ነው።

ፋርማሲስቷ "አባባ፣ ይቺ አልቃለች። ግን ሌላ አለ፤ ውስጡ ያው አምሎዲፒን ነው፣ 5 ሚሊግራም። ዋጋውም ይቀንሳል" አለቻቸው።

"የለም ልጄ። ዶክተሩ ይቺን ነው ያለኝ።"

"አንድ ነው እኮ አባባ።"

"አንድ ከሆነ ስሙ ለምን ሌላ ሆነ?"

እዚህ ጋ ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። አየችኝ ብቻ።

እኔ እኮ ፋርማሲ ነው የተማርኩት። "አባቴ፣ አንድ ነው፣ ይውሰዱት" ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። ግን የሽያጭ ታርጌቱ መጣብኝ። ደግሞ ዶክተሩን 17 ጊዜ "የኛዋ ትለያለች" ስለው ከርሜ፣ አሁን ፋርማሲስቷ ፊት "አንድ ነው" ልል? ስልኬን አወጣሁ። ማንም አልደወለም። ዝም ብዬ አየሁት።

ወረቀቱን በዚያው መታጠፊያው መልሰው አጠፉት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ። ሌላ ፋርማሲ ሊሞክሩ ነው። ሌላም ጋ እንደሌለ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

...እና እምቦጭ። በፈረንጆቹ 2011 ነው ጣና ላይ ታየ የተባለው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ እኔ ራሴ አንዴ ፎቶ ተነስቼበታለሁ፣ የድሮ ፕሮፋይሌን የምታስታውሱ። ደምቢያ በኩል ሰው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የከረመ ነው። እኔ ጣና ዳር አድጌ እምቦጭ መባል ሙገሳ መሰለኝ። ሃሃ። ስልጠና ላይ ስላይድ አድርጌዋለሁ እኮ!

ባልመላለስ ኖሮ ግን... ታናሽ እህቴ በዚህች ሻንጣ ነው የተመረቀችው። እሱን አልክድም። እናቴ ለጎረቤት "ዶክተሯ ልጄ" የምትለኝንም ዘንድሮ ማረም ትቻለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምሎዲፒን ከደም ቶሎ አይወጣም። ግማሹ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ይሄን ለዶክተሮች በፈገግታ ነው የምነግራቸው፤ "በሽተኛው አንድ ቀን ቢረሳ እንኳ" እያልኩ። ትናንት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳሰላ ነበር። የመጨረሻዋን ማክሰኞ ጠዋት ውጠው ከሆነ፣ ዛሬ ዓርብ ነው... ሩብ ያህል ቀርቷቸዋል። ምናልባት ያንኛውን ገዝተው ይሆናል። ምናልባት ልጃቸው መክሯቸው ይሆናል። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አላውቅም።

ሰኞ ዶክተሩ ጋ ቀጠሮ አለኝ። "ዶክተር፣ የውስጡን ስም ጻፍላቸው" ልበለው? ሜድ ሬፕ እንዲህ ትላለች? ይስቅብኛል።

ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ፤ ዕቃው ከጉምሩክ ወጥቷል፣ ሰኞ ይገባል አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዞሮ አየኝ። አባባ ትዝ ያሉኝ ከወረድኩ በኋላ ነው። ሒሳብ ስከፍል። ወይስ ከዚያም በኋላ...

እኔ እንጃ። ነፋሱ በረታ መሰለኝ፤ ይሰማችኋል?