እጃቸው ይንካው፦ በደብረ ማርቆስ የልጆች የክረምት የሮቦቲክስ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ የተሰበሰብንላችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ጭቃውን ረግጣችሁ፣ ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ከገጠር ቀበሌዎች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ገና ሳይነጋ የተነሣችሁ ወላጆች፣ ለገበሬ በሐምሌ አንድ ጠዋት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ትናንት ማታ ጠረጴዛዎቹን ስናሰናዳ አንድ አባት በሩ ላይ ቆሙና «መምህር፣ ይህ ሮቦት የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ለልጄስ ምን ይፈይድለታል?» ብለው ጠየቁኝ። መሽቶ ነበርና አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ጥያቄው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ስለማያቸው በሚገባ ልመልስላቸው።

ከቃሉ ልነሣ። ሮቦት የሚለው ቃል የተገኘው ከቼክ ቋንቋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 አንድ የቼክ ጸሐፌ ተውኔት ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን በድርሰቱ ሲያመጣ ስማቸውን «ሮቦታ» ከሚለው ቃል አወጣላቸው። ሮቦታ ማለት ገባር ለጌታው ያለ ክፍያ፣ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው። እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አትፈልጉም። ሁዳድ ማለት ነው። ሮቦት እንግዲህ የሰውን ሁዳድ የሚሸከም መሣሪያ ነው ብንል ከሥሩ አንርቅም። ከሌላው መሣሪያ የሚለየው አካባቢውን መዳሰስ፣ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት መወሰንና ከዚያ ተነሥቶ መንቀሳቀስ በመቻሉ ነው።

ይህ ለእኛ ልጆች እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል ጮቄ ላይ ወይም በአባይ በረሃ አፋፍ ከብት ያገደ ልጅ የገደል ማሚቶን ያውቃል። ትጮኻለህ፣ ገደሉ ይመልስልሃል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጩኸትህ ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ከፈጀበት አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ ነውና ገደሉ ካንተ 340 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። በዚህ ክረምት የምትሠሯት ትንሽ ተሽከርካሪም ግንባሯ ላይ የርቀት ዳሳሽ አለባት። እሷም እንደ እረኛ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ስለሚርገበገብ ግን የሰው ጆሮ አይሰማውም። ከፊቷ 34 ሳንቲሜትር ላይ ግድግዳ ካለ ማሚቶው በ2 ሚሊ ሰከንድ ይመለስላታል፣ እሷም ቆጥራ ትቆማለች ወይም ትዞራለች። እንድትቆም ወይም እንድትዞር የሚያዝዛት ግን እናንተ የምትጽፉት ትእዛዝ ነው። ካላዘዛችኋት ሄዳ ትላተማለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቁምሳጥን ነበር። መስተዋቱ ንጹሕ፣ ቁልፉ ትልቅ። ከመስተዋቱ ኋላ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሌንስ፣ ትንንሽ ሞተሮች ተደርድረው ይታዩ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አለፍኩ፤ አንድም ቀን ሲከፈት አላየሁም። ዕቃው እንዳይሰበር ነበር የሚጠበቀው፣ እውነትም አንድ ዕቃ ሳይሰበር ተመረቅን። እኛ ግን ሞተር ሳንነካ ስለ ሞተር ተፈትነን አለፍን። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሽቦ እንዳገናኝ ስታዘዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ሥልጠና ከባልደረቦቼ ጋር የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ዕቃውን ልጆቹ ይንኩት። ተሠርታ ያለቀች ሮቦት አምጥተን ስትሄድ አናሳያቸውም፤ እንዲህ ያለው ትርኢት ለፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ልጅ አያስተምርም። አካሏን ከካርቶንና በእንጅባራ በኩል ከሚበቅለው ቀርከሃ ራሳቸው ይቆርጣሉ። ብሎኑን በካቻቢቴ ራሳቸው ያጠብቃሉ፣ ሽቦውን በፒንሳ ራሳቸው ይልጣሉ። ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦ መኪና ሲሠራ ያደገ ልጅ ለዚህ ባዳ አይደለም።

ይህንን ዘዴ ከውጭ ያመጣነው የሚመስላችሁ ካላችሁ ጎጃም የማን አገር እንደሆነ ላስታውሳችሁ። ስመ ጥሩዎቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስም እዚሁ ናቸው። የቅኔ መምህር ለተማሪው ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ አይሰጠውም። መንገዱን ያሳየዋል፣ ተማሪው ከጥሻው ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል ውሎ የቆጠረውን ይዞ ለነገራ፣ ለመምህሩ ሊያሰማ፣ ይቀርባል። ቤት ያልመታው ይታረማል፣ ምሥጢሩ ያልተዛመደው ይመለሳል፣ በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። የትናንቱን መድገም አይፈቀድም፣ የጓደኛን መስረቅ ደግሞ ነውር ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ስንቴ ይታረማል? ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ የሚጽፉ ሰዎች የሚውሉበት ሥራም ይኸው ነው፤ መቁጠር፣ መንገር፣ መታረም። ልዩነቱ አራሚዋ ሮቦቷ መሆኗ ነው፤ ስትሳሳት አትቆጣም፣ በቃ አትሄድም። ሁለቱን አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ የቅኔው ጥልቀት ሌላ ነው። አያቶቻችን ስሕተትን የትምህርት መንገድ አድርገው ሲያስተምሩ ኖረው እኛ ዕቃን ከልጅ መደበቃችን ግን ያሳዝነኛል።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሮቦቱ ቀጥ ብላ መሄድ አቃታት። በሄደች ቁጥር ወደ ግራ ትታጠፋለች። ጎማ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ ብሎን አጠበቀ፣ ምንም ለውጥ የለም። እኔ ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ እንዲህ ያሉ ርካሽ ሞተሮች ሁለቱ እኩል አይሽከረከሩም። ልነግረው ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል ምላሴን ነከስኩ። ልጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየና ቀና ብሎ «መምህር፣ ቀኙ በሬ ይጎትታል» አለኝ።

አያችሁ? ከተጠመዱት በሬዎች ቀኙ ከፈጠነ ቀንበሩ ይዘዋወራል፣ ትልሙም ወደ ግራ ይጣመማል። ልጁ ይህን ከአባቱ እርሻ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። አርዱይኖ በምንላት፣ ሞተሮቹን በምታዝዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሞተር ጉልበት ከ0 እስከ 255 በቁጥር ይታዘዛል። ሁለቱም 200 ላይ ነበሩ፤ የቀኙን 190 አደረገ፣ አሁንም ጠመመች። 180 ሲያደርግ ወደ ቀኝ ታጠፈች። 184 ላይ ስትደርስ የክፍሉን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብላ ሄደች። እሱ አልጮኸም፤ ተከትሏት ሄዶ አነሣትና አቀፋት። እኔ ቀድሜ ነግሬው ቢሆን ኖሮ 184 የኔ ቁጥር ይሆን ነበር።

ስለ አርዱይኖ አንድ ነገር ልጨምር። የተጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ነው፤ የታሰበችውም የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ላልሆኑ ተማሪዎች ነበር። ንድፏ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሊሠራት ይችላል፤ ዋጋዋ የቀነሰውም በዚሁ ነው። እንግሊዝኛው ያስፈራናል ለምትሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት የምንጀምረው በስክራች ነው። ስክራች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ትእዛዞቹን እንደ ጡብ እያገጣጠሙ የሚጽፉበት ነጻ ፕሮግራም ሲሆን ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ወላጆች፣ አሁን ልለምናችሁ ነው። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ልጆቹም ለከብትና ለአረም እንዲደርሱላችሁ ብለን ነው ጠዋቱን የመረጥነው። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት እንጨርሳለን። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ሮቦቶቹ በባትሪ ይሄዳሉ፣ ላፕቶፖቹንም ማታ ሞልተን እናድራለን።

ሴት ልጆቻችሁን አምጡ። ባለፈው ዓመት የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የመጡትም ቢሆኑ ወንዱ ካቻቢቴውን ሲይዝ እነሱ ማስታወሻ ጻፊ ሆነው ሲቀሩ አየሁ። ያ የኛ የመምህራኑ ጥፋት ነበር። ዘንድሮ ለሁለት ልጆች አንድ ሮቦት ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሥራ ይቀያየራሉ፣ ሰዓቱን እኔው ራሴ እይዛለሁ። እቤት ውኃ የምትቀዳ፣ ወንድሟን የምታዝል ልጅ ሦስት ሰዓት ነጻ እንድትሆን ሸክሟን የምትጋሯት እናንተ ናችሁ።

ባለፉት ዓመታት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው የቆዩ ልጆችም በመካከላችን አሉ። ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ሲጠየቁ አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። እዚህ ግን ማንም ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ አይጠይቃቸውም። ማካፈል ያልደረሰበት ልጅ ካለ ከሞተሩ ጎን ማካፈልን እናስተምረዋለን። እነዚህ ልጆች የጎደለባቸው ጊዜ እንጂ አእምሮ አይደለም፤ ይህን ስል ድምፄ ቢሰበር ይቅር በሉኝ።

ለጠየቁኝ አባትም መልሴ ይህ ነው። ልጅዎ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሐንዲስ አይሆንም፤ እንዲህ ብዬ ቃል ብገባልዎ ዋሽቼዎታለሁ። ነገር ግን የተበላሸ ዕቃ ሲያገኝ ከመጣሉ በፊት ከፍቶ ያየዋል። መርዓዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። የአፈሩን እርጥበት የሚዳስስ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ውኃው መቼ እንደሚለቀቅ የሚናገር ልጅ ከሌላ አገር እስኪመጣልን አንጠብቅ። በሦስተኛው ሳምንት በባልዲ አፈር ላይ ይህንኑ እንሞክራለን፤ ልጅዎን አጅበው መጥተው ይዩት።

ልጆች፣ ሣጥኖቹ ተከፍተዋል። ካቻቢቴውና ፒንሳው በየጠረጴዛው ግራ በኩል ነው። ቀይ ሽቦ ከመደመር፣ ጥቁሩ ከመቀነስ ምልክቱ ጋር ይገናኛል። ባትሪውን የምትገጥሙት መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመግጠማችሁ በፊት ጓደኛችሁ አንድ ጊዜ ይይላችሁ። ወላጆች፣ በረንዳው ላይ ሻይ ተፈልቷል። እባካችሁ ወደዚያ ፈቀቅ በሉልን፤ ልጆቹ ሲቸገሩ ብታዩም አትርዷቸው።