የወንዞቹን ስም አላውቅም ነበር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ ከማርቆስ ወደ ግሽ አባይ ለሚሄደው የተማሪዎች የጉዞ ክበብ «ስለ መንገድ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ ሳቅሁ። ሾፌር ስለ መንገድ የሚያውቀው ጉድጓዱን ነው። ቢሆንም እንዳልቀባጥር ጽፌ መጥቻለሁ፤ መነጽሬን ላድርግ።

26 ዓመት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አውቶቡስ ነድቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተሳፋሪ የሚጠይቀኝ «ስንት ሰዓት እንገባለን?» ብቻ ነው። «ይኼ አገር ማን ይባላል?» ያለኝ ትዝ አይለኝም። አልፈርድባቸውም፤ ቢጠይቁኝስ መቼ አውቀው ነበር!

የአባይን በረሃ ታውቁታላችሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ያስደርባል። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰዉ ባገኘው ነገር ያራግባል። ደጀን ስንወጣ እንደገና ጋቢ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለ መንገድ ከደጋ ቆላ ወርዶ ደጋ መውጣት ማለት ነው። እኔ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጨነቅሁ፤ ተሳፋሪው መጋረጃውን ስቦ እያንኮራፋ። በሚሌኒየሙ ዓመት ማብቂያ ጃፓኖች ያሠሩት አዲሱ ድልድይ ሲከፈት፣ ለአንድ ሰሞን ሁሉም እየነቃ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፉ ተመለሰ።

አንድ ጥቅምት ደምበጫን አለፍ እንዳልን መኪናዋ ቆመች። ስለ ጥገናዋ አላወራም፤ የሚመለከተው ያውቀዋል። ተሳፋሪው በሌላ መኪና ሄደ፤ እኔና ረዳቴ ቀረን። መሸ። ረዳቴ የገጠር ልጅ ነውና ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!» ብሎ ተጣራ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉን።

እግራችንን አጠቡን። የእኔን እግር! ቀኑን ሙሉ ፔዳል እንጂ መንገድ ያልረገጠ እግር፤ አፈርኩ።

የቤቱ ባለቤት አዛውንት ናቸው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ሊማሩ ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው ወደ ዋሸራ ሲመጡ፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ነው። አባይ እስኪጎድል ብቻ ሳምንታት ጠብቀዋል። ከዚያ ወንዞቹን ይቆጥሩልኝ ጀመር፦ ጨሞጋ፣ ገደብ፣ ተምጫ፣ ብር። በየወንዙ ዳር ማን ቤት እንዳደሩ፣ ማን ትኩስ ቂጣ እንደሰጠቻቸው፣ የት ውሻ እንደነከሳቸው። የውሻውን መልክ ሳይቀር ነገሩኝ፤ ቡላ ነው። እኔ እነዚህን ወንዞች በሺህ ጊዜ ተሻግሬያቸዋለሁ። ለእኔ ሁሉም «ድልድይ ነው፣ ቀንስ» ነበሩ።

ጠዋት ብወጣ ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እንግዲህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር እንደዚያ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ድልድይ በደረስኩ ቁጥር የወንዙን ስም እጠራለሁ። ረዳቴ «ጋሼን ነካ አደረጋቸው» እያለ ያማኝ ነበር።

በእግር መሄድ ይሻላል ልላችሁ አይደለም። አዛውንቱን ጠይቄያቸው ነበር፤ «አውቶቡስ ባገኝማ ማን በእግሩ ይመጣ ነበር?» ነው ያሉኝ።

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ነገ ከጢሊሊ ተገንጥላችሁ ግሽ አባይ ያለበት ሰከላ ስትደርሱ ግን አባይ ራሱ ምንጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ትንሽ ናት፤ አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ናት?» ማለታችሁ አይቀርም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 እዚያ ደርሶ የአባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ጽፏል። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ በ1618 ቀድሞት ነበር። ከሁለቱም በፊት የሰከላ ሰው አለ፤ እሱ ግን ቤቱ ስለሆነ አገኘሁ አላለም። ስለ ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ እዚያው ጠይቁ። መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተቀበሉት ከእኔ ይልቅ የቦታው አባቶች ቢነግሯችሁ ያምራል። እንግዲህ ለመስማት ቁጭ ማለት ያስፈልጋል፤ ፎቶ አንሥቶ ወደ መኪና መሮጥ የለም።

የምንነሣው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ጸበል የምትጠጡ እህል ሳትቀምሱ ኑ። በመስኮት በኩል የሚቀመጥ ሰው ሥራ አለበት፤ ወንዝ ሲመጣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ካላወቀ ሾፌሩን ይጠይቅ፤ ሾፌሩም ካላወቀ እኔ ከኋላው ተቀምጫለሁ።

መጋረጃዎቹን ዛሬ ከሰዓት አስፈትቻቸዋለሁ።