የተዳፈነ ፍም

ክቡራትና ክቡራን፣ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የኒውክሌር ኃይል በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ቆሻሻው የት ይደረጋል?" የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ግን በቆሻሻው ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም ግማሹ ለመክሰም 24 ሺህ ዓመት ይፈጃል ሲባል ሰምቶ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማመንጫው ከጠፋ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀጥሎም የመጀመሪያው አምስት ዓመት ነው።

1000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሪአክተር፣ ማለትም አተም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣበት ምድጃ፣ ውስጡ 3000 ሜጋ ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ነዳጁ የጣት ጫፍ የምታክል የዩራኒየም እንክብል ናት፤ እንክብሎቹ ተደርድረው 4 ሜትር ገደማ በሚረዝም፣ ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት በተሠራ ቀጭን ቱቦ ይታሸጋሉ። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ሲገቡ የአተሙ መሰንጠቅ ወዲያው ይቆማል። ሙቀቱ ግን አይቆምም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑት የለ? ከላይ ሲያዩት አመድ ነው፤ ከሥር ግን ሌሊቱን ሲግል አድሮ ጠዋት ጭራሮ ቢያስጠጉበት ይነዳል። ያገለገለ ነዳጅም እንደዚያው ነው፤ ከተሰነጠቀው አተም የቀሩት ስብርባሪዎች ጨረር እየረጩ ይግላሉ። ሪአክተሩ እንደጠፋ የሚቀረው ሙቀት ከ6 እስከ 7 በመቶ፣ ማለትም 200 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ከአንድ ቀን በኋላ ወደ 15 ሜጋ ዋት ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። እስቲ በጀሪካን እንቁጠረው፦ 15 ሜጋ ዋት በየሦስት ሰከንዱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የፈላ ውሃ አትንኖ ይጨርሳል። ቀንም ሌሊትም። የሚተካ ውሃ ከጠፋ ቱቦዎቹ ይራቆታሉ።

ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ምድር ስትንቀጠቀጥ ሪአክተሮቹ እንደታቀደው በራሳቸው ቆሙ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሱናሚው ምድር ቤት የተቀመጡትን ጄኔሬተሮች አጥለቀለቀና ፓምፕ የሚያዞር ኃይል ጠፋ። ውሃው ተንኖ አለቀ፤ የጋለው ዚርኮኒየም ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጂን ወለደ፤ ሕንፃዎቹ ፈነዱ። ጄኔሬተሮቹ ከፍታ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

ለዚህ ነው ያገለገለው ነዳጅ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ የሚቆየው፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል፣ ጨረሩንም ይጋርዳል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ስለሚበቃው በብረትና በኮንክሪት በርሜል ይታሸጋል። ለዘለቄታው ደግሞ ፊንላንዶች ኦንካሎ በተባለው ስፍራ ከ400 ሜትር በላይ ወደ አለቱ ቆፍረዋል፤ ነዳጁ በመዳብ መያዣ ይገባል፣ ዙሪያውን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቤንቶናይት ሸክላ ይጠቀጠቅበታል። ብዛቱም አያስፈራም፤ የአንድ ሪአክተር የዓመት ነዳጅ 25 ቶን ያህል፣ በክብደት አንድ ሲኖትራክ የሚጭነው ነው። በድንጋይ ከሰል ያንኑ ኃይል ለማግኘት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ይነዳል፤ ጭሱም የሁላችን ይሆናል።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መካከለኛ ግምት፣ ከግንባታው ጀምሮ ሁሉም ተደምሮ ኒውክሌር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያወጣል፤ ከሰል 820። የእኛ መብራት ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከውሃ ነው። ወሎ ላይ ቆሞ ድርቅ ምን እንደሆነ ማስረዳት ደግሞ አያስፈልግም። ሁለተኛ ምንጭ መፈለጉን እደግፋለሁ።

ታዲያ ሪአክተርም ውሃ ይጠጣል። ባለ 1000 ሜጋ ዋቱ በማቀዝቀዣ ማማ ሲሠራ በሰከንድ ከ600 ሊትር በላይ ያተናል። በበጋ ወርዳችሁ ቦርከናን እዩት። መሬቱም አለ፦ በ1953 ዓ.ም. ከዚህ በስተደቡብ ካራቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። በስምጥ ሸለቆው አፋፍ፣ በእኛ አካባቢ ይተከል ለሚል መልሴ አይሆንም ነው።

ሌላ ቦታ ከተመረጠ ደግሞ ውሉ ይነበብ። ባንግላዴሽ የሩፑር ጣቢያዋ ያገለገለ ነዳጅ ወደ ሩሲያ እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈራርማለች። ጥሩ ውል ነው። ነዳጁ ለጉዞ እስኪበርድ ግን ዓመታት የሚቆየው እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው፤ እኛም ብንፈርም ከዚህ አናመልጥም። እንግዲህ ለመደራደር የሚቀመጡትን ጠይቋቸው፦ ገንዳው የስንት ዓመት ነዳጅ ይይዛል? ዋናው መስመር ሲቋረጥ ፓምፑን የሚያዞረው ጄኔሬተር የት ተቀምጧል? ናፍጣው ለስንት ቀን ይበቃል? መንገድ ቢዘጋስ በየት በኩል ይደርሳል?

አመሰግናለሁ።