ከባድ ሥራ የሚሸከም ላፕቶፕ ስትመርጡ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍል አብዛኞቻችሁ የደወላችሁት ስለ ወርክስቴሽን ላፕቶፕ ለመጠየቅ ነው። ዲዛይን፣ ቪዲዮ፣ ስሪዲ ወይም ዳታ የሚሠራበት፣ ቀኑን ሙሉ ጫና ውስጥ የሚውል ላፕቶፕ ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ከተለያየ ሙያ ቢመጡም ከጀርባቸው ያለው ችግር ተመሳሳይ ነው። ሰው የሚገዛው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስም ነው፤ ሥራው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ የመካኒካል ዲዛይን ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ሶሊድወርክስ በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ነው። ትንሽ ውስብስብ የሆነ ሞዴል ሳስተካክል ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል። ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ነው። ባለ 16 ኮር ብገዛ ይገላግለኛል?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። የሚያስቸግርዎትን ፋይል ይክፈቱ። የኮምፒውተሩን ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀርም ይክፈቱና ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚለውን ይምረጡ። ግራፉን በቀኝ ማውስ ተጭነው እያንዳንዱን ፕሮሰሰር ለየብቻ እንዲያሳይ ያድርጉት። ከዚያ ሞዴሉን ሪቢልድ ያድርጉ፤ ማለትም እንደገና እንዲሰላ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሏል፣ እርስዎ እየጠበቁ ነው፣ አጠቃላዩ የሲፒዩ ቁጥር ግን ከ10 በመቶ አያልፍም። ከትንንሾቹ ሳጥኖች አንዱ ጣሪያ ነክቷል፤ የቀሩት ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር ጣሪያ የነካው ሳጥን ቦታ ሊቀያይር ይችላል። ማሽንዎ 16 ሎጂካል ፕሮሰሰር (ዊንዶውስ አንዱን ኮር እንደ ሁለት ሊቆጥረው ይችላል) ካለው፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲጠመድ ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፓርት (አንድ የዕቃ ክፍል) የሚሠራው በቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ኤክስትሩድ (ሥዕሉን ወደ ጠጣር ቅርጽ ማውጣት)፣ ከዚያ ቀዳዳው፣ ከዚያ ፊሌቱ (ጠርዙን ክብ ማድረግ)። ቀዳዳው ሳይበሳ ፊሌቱ የሚያርፍበት ጠርዝ አይታወቅም። ስለዚህ ሥራውን ለ16 ኮር አከፋፍሎ በአንዴ ማስጨረስ አይቻልም። እርስዎን የሚጠቅምዎት የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ፕሮሰሰሮችን ሲያወዳድሩ ሲንግል ኮር የሚለውን ውጤት ይዩ። ከዚህ አንጻር ባለ 8 ኮር የሆነ አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ ባለ 16 ኮር ከሆነ አሮጌ የተሻለ ሊሆንልዎት ይችላል። ሬንደር (ሞዴሉን ወደ ምስል መቀየር) ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያገኘውን ኮር ሁሉ ይበላል። ሲሙሌሽንም ከአንድ በላይ ኮር ይጠቀማል። ቀንዎ የሚያልቀው ሞዴል በመሥራት ነው ወይስ ሬንደር በማድረግ? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ግራፊክስ ካርዱም ልጨምር። የሶሊድወርክስ አምራች የፈተናቸውን ካርዶችና ድራይቨሮች (ካርዱን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች) ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። ቀድሞ ኳድሮ ይባሉ የነበሩት የኤንቪዲያ የባለሙያ ካርዶች የሚገኙት እዚያ ነው። ጂፎርስ የሚባሉት የጌም ካርዶች ግን የሉበትም። እንዲህ ሲባል ጂፎርስ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሠራበታል። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ መስመር ሲጠፋ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ሲዘጋ፣ ለእርዳታ ሲደውሉ ካርዱና ድራይቨሩ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ መባልዎ አይቀርም። የጊዜ ገደብ ያለው የደንበኛ ሥራ የሚይዙ ከሆነ ለዚህ መተማመኛ መክፈል ያዋጣል። የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ የኤችፒ ዜድቡክ እና የዴል ፕሪሲዥን ላፕቶፖች የተሠሩት ለዚህ ነው። ዴል እ.ኤ.አ. በ2025 የፕሪሲዥንን ስም ዴል ፕሮ ማክስ በሚል ስለቀየረው፣ ሲፈልጉ በሁለቱም ስም ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። በሁለት ላፕቶፖች መካከል ልቤ ተከፍሏል። የሁለቱም ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 4070 ነው። አንዱ ቀጭንና ቀላል፣ ሌላው ወፈር ያለ ነው። ካርዱ አንድ ከሆነ ቀጭኑን ለምን አልወስድም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የካርዶቹ ስም አንድ ቢሆንም አቅማቸው አንድ ላይሆን ይችላል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4070 ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ እንዲወስድ ተደርጎ ሊገጠም ይችላል። በዚህ መሀል ስንት ዋት እንደሚሰጠው የሚወስነው የላፕቶፑ አምራች ነው። አምራቹ ደግሞ የሚወስነው የማቀዝቀዣውን አቅም አይቶ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ለማራገቢያና ለመዳብ ቱቦ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ካርዱ ኃይል ይቀነስበታል። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ካርዱ ምንድን ነው?» ብቻ አይሁን። «ስንት ዋት ነው የተሰጠው?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ የአምራቹ የስፔክ ገጽ ላይ ይፈልጉት።

ሌላም ነገር አለ። የላፕቶፕ ካርድ የዴስክቶፑን ስም ቢይዝም ያው ካርድ አይደለም። የዴስክቶፑ 4070 የራሱ ሜሞሪ 12 ጊጋባይት ሲሆን የላፕቶፑ 8 ነው። የዴስክቶፑ 4090 24 ጊጋባይት አለው፤ የላፕቶፑ 16። በዴስክቶፕ ተሞክሮ የተጻፈ ግምገማ አንብበው ላፕቶፕ አይግዙ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት) ሲጀምሩ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ይወስዳል። ያኔ ሁሉም ላፕቶፕ ፈጣን ነው። ቆይቶ ለረጅም ሰዓት ሊሸከመው ወደሚችለው መጠን ይወርዳል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአንድ ደቂቃ ሙከራ ይህ አይታይም። ሲኔቤንች አር23 የሚባለው መፈተኛ በነባሪነት ለ10 ደቂቃ የሚሮጠው በከንቱ አይደለም። ከተቻለ የራስዎን ፕሮጀክት በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ግማሽ ሰዓት ኤክስፖርት ያድርጉበት። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከጎኑ ይክፈቱ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ፍጥነትና ዋት ይጻፉ፤ የሃያኛውን ደቂቃም ይጻፉ። እውነተኛው የላፕቶፑ አቅም ሁለተኛው ቁጥር ነው። እግረ መንገድዎን ጆሮዎንም ይጠቀሙ። ያ የማራገቢያ ጩኸት የቪዲዮውን ድምፅ በሚያስተካክሉበት ክፍል ውስጥ አብሮዎት ሊውል ነው።

መግዛት ያለብዎት ወፍራሙን ነው ብዬ ልደምድም? በቀን ለረጅም ሰዓት ኤክስፖርትና ኢፌክት የሚሠሩ ከሆነ፣ አዎ። ሥራዎ በአብዛኛው መቁረጥና መቀጠል ከሆነ፣ ቀጭኑ ይበቃዎታል፤ ትከሻዎም ያመሰግንዎታል።

ጥያቄ፦ እኔም ቪዲዮ ላይ ነኝ። ጥሩ ካርድ ያለው ላፕቶፕ አለኝ፤ አዲሱ ካሜራዬ የቀረፀውን ሳጫውት ግን ይቆራረጣል። ለምን?

መልስ፦ ካሜራሽ ኤች.265 ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 በሚባል የታመቀ የቪዲዮ ዓይነት እየቀረፀ ይመስለኛል። ሴቲንጉ ውስጥ እይው። ይህን ዓይነት ፋይል ሳይቆራረጥ ለማጫወት ለእሱ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ መኖር አለበት። በኤንቪዲያ በኩል የመጣው ገና በአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው። የሚገርመው፣ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ይህን ይችላል። የአፕል ኤም ቺፖችም ይችላሉ። ስለዚህ ውድ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ተሸንፎ ተራ የሚመስለው ሊያጫውት ይችላል። ለጊዜው ፕሮክሲ ፋይል (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሠርተሽ ቀጥይ፤ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ራም 32 ጊጋባይት ይበቃኛል ወይስ 64 ልግዛ? በኋላ መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይቀድማል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ተነቃይ ነው፤ ሌላው ላይ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። የተበየደው ኤልፒዲዲአር ተብሎ ይጻፋል፤ የገዙትን መጠን ይዘው ነው የሚቀሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ቲንክፓድ ፒ1 ጄን 7 ላይ ኤልፒካም2 የሚባል ተነቃይ የኤልፒዲዲአር ዓይነት ስለመጣ ግን ስሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የሞዴሉን የጥገና ማኑዋል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ራም የሚቀየርበትን ገጽ ይፈልጉ። ገጹ ከሌለ ራሙም አይቀየርም።

ከተበየደ፣ ከሚያስፈልግዎ ከፍ አድርገው ይግዙ። ተነቃይ ከሆነ 32 ይዘው ይጀምሩ። ከባዱን ሥራ ከፍተው ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ይዩ። ኮሚትድ የሚለው ቁጥር (ፕሮግራሞቹ የጠየቁት ሜሞሪ) ካለዎት ራም በላይ ከሄደ፣ ኮምፒውተሩ ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን ዲስክ) እንደ ራም እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል፤ መንቀራፈፉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማክ ወይስ ዊንዶውስ?

መልስ፦ የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም) እና ሶሊድወርክስ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ኩዳ (በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ብቻ የሚሠራ የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) የሚፈልግ ሥራ ከሆነም ማክ አይሆንም። ቪዲዮ፣ ፎቶና ሙዚቃ ላይ ግን ማክቡክ ፕሮ በጣም ጠንካራ ነው፤ ከቻርጀር ሲነቀልም ጉልበቱ ያን ያህል አይወርድም። ሜሞሪው ግን ፈጽሞ አይጨመርም። ያን አስበው ይግዙ።

ጥያቄ፦ የኤአይ ሞዴሎችን ላፕቶፔ ላይ ማስኬድ እፈልጋለሁ። ምን ልይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የግራፊክስ ካርዱን ሜሞሪ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የያዛቸው ቁጥሮች) ያለው ሞዴል፣ እያንዳንዱ ቁጥር በ16 ቢት ሲጫን ለራሱ ብቻ 14 ጊጋባይት ይይዛል። ወደ 4 ቢት ሲታመቅ 3.5 ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለንግግሩ ርዝመት ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ የታመቀውን ይችላል፤ ያልታመቀውን አይችልም። ከሁለት ካርዶች አንዱ ትንሽ ፈጣን፣ ሌላው ሜሞሪው የሚበልጥ ከሆነ፣ ሳታመነታ ሜሞሪው የሚበልጠውን ውሰድ። ሞዴሉ ካልገባ ፍጥነቱ ምንም አይሠራልህም።

ጥያቄ፦ አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ያገለገለ ወርክስቴሽን ብገዛ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህንኑ ነው። ከድርጅት የወጡ ወርክስቴሽኖች ጠንካራ ናቸው፤ መለዋወጫም አላቸው። ግን ሲበራ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገኘው ሴቲንግ) ውስጥ ይግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይተዉት፤ ሻጩ «በኋላ እከፍትልዎታለሁ» ቢልም አይቀበሉ። ባዮሱ ውስጥ አብሶሉት ወይም ኮምፒውትሬስ የሚል ካለ አለመብራቱን ያረጋግጡ። ይህ ድርጅቱ ማሽኑን ከሩቅ የሚቆልፍበት መንገድ ነው።

ከዚያ ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ከአንድ ጥግ ከፍ ብሎ ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠና ሲጫኑት አልሰማ ካለ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ የእሳት አደጋ ነው። እንዲህ ካለው ላይ ዋጋ አይከራከሩ፤ ይተዉት። የኤስኤስዲውን ጤና በክሪስታልዲስክኢንፎ ይዩ።

የፕሮሰሰሩን ትውልድ አይርሱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። ከዚያ በታች የሆነ ማሽን የቱንም ያህል ቢረክስ ለሥራ አይያዝ። ማሽኑን ከገዙ በኋላ የማቀዝቀዣውን አቧራ አስጠርገው ተርማል ፔስቱን (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) ያስቀይሩ። ዓመታት የሠራ ላፕቶፕ ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ ለሥራ በአውሮፕላን እመላለሳለሁ። ትልቅ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይከለከላል? ቻርጀሩስ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በስልክ ዓይነት ቻርጀር መተካት ይቻላል?

መልስ፦ እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ መጠን መለኪያ) የሆነ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዘው ይሳፈራሉ። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ትልልቆቹ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው 99 አካባቢ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ግን ብዙ አይጠብቁ። ላፕቶፑ ሥራ ላይ 120 ዋት የሚበላ ከሆነ 99 ዋት ሰዓት አንድ ሰዓት እንኳ አያቆየውም። በባትሪ ሲሆን ካርዱም ጉልበቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላን ውስጥ ጽሑፍና ኢሜይል ይሥሩ፤ ሬንደሩን ለሆቴሉ ያቆዩት።

ስለ ቻርጀሩ፦ በዩኤስቢ ሲ የሚሰጠው ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ከ100 ወደ 240 ዋት ከፍ ብሏል። ሆኖም ቻርጀሩም፣ ገመዱም፣ ላፕቶፑም ሦስቱም ያን መደገፍ አለባቸው። አንዱ 100 ላይ ከቆመ ሁሉም 100 ላይ ይቆማሉ። በ65 ዋት ቻርጀር ማታ ሲተኙ ባትሪውን መሙላት ይችላሉ። ከባድ ሥራ ላይ ግን ተሰክቶም ባትሪው ሲወርድ ያያሉ። የእኔ ምክር፦ ትልቁን ቻርጀር ሥራ ቦታ ይተዉት፤ ለጉዞ ባለ 100 ዋቱን ይያዙ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ መደረግ መቻሉን ስፔኩ ላይ ያረጋግጡ። ክፍት ቀዳዳው ስላለ ብቻ ቻርጅ ይቀበላል ማለት አይደለም።