ከታች ጀምርልኝ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ የአያቴን ባና ተከናንቤ። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርዱ ነው።

አያቴ መንዝ ነበር የሚኖሩት። ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የድሮ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ሰላምታ ነው። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን...» እያልኩ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ «እሱን ተወውና ከታች ጀምርልኝ» ይሉኛል። ገንዘብ ቢላክም፣ ሰው ቢታመምም፣ ወሬው ታች ነው ያለው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሲስተም ቆመብን። ሎግ ፋይሉን፣ ሲስተሙ የሚሠራውንና የሚገጥመውን ስህተት እየጻፈ የሚያስቀምጥበትን ፋይል፣ ልይ ብዬ በቴክስት ኤዲተር ከፈትኩት። 4 ጊጋ ባይት ነበር። ኤዲተሩ ሙሉውን ሜሞሪ ላይ ልጫን ሲል ማሽኑ ድርቅ አለ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ምንም ሳይናገር ሌላ ተርሚናል ላይ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ «ቴይል» ብሎ የፋይሉን ስም ጻፈ። ወዲያው የመጨረሻዎቹ 10 መስመሮች ወጡ።

ቴይል የትእዛዙ ስም ነው፤ ጅራት ማለት ነው። ፋይሉን ከላይ ጀምሮ አያነብም። መጨረሻው ላይ ዘሎ ይሄድና ወደ ኋላ እየተመለሰ መስመር ይቆጥራል። ለዚህ ነው 4 ጊጋም ቢሆን የማይከብደው።

ግን አስሩም መስመር አንድ ነው፤ «ዳታቤዙን ማግኘት አልተቻለም» ይላል። ልጁ «ዳሽ ኤን 200» ጨመረበት፤ የመጨረሻዎቹን 200 መስመሮች አሳየኝ ማለት ነው። ያኔ ከፍ ብሎ አንዲት መስመር ተገኘች፤ ፓስወርዱ ትክክል አይደለም። ለካ አንዱ ቀይሮት ለማንም አልተናገረም! ከዚያ ወዲህ እኔም 10 አይበቃኝም። ታች ያለው ብዙ ጊዜ ለቅሶው ነው፣ ሟቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ሌላው ቴይል ላይ የሚጨመር ደግሞ «ዳሽ ኤፍ» ነው፣ በትንሿ ኤፍ። ፋይሉ ላይ አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር እየተከታተለ ያሳያችኋል። ሲበቃችሁ ኮንትሮል ሲ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ አዋርዶኝም ያውቃል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ትንሿን ኤፍ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከ6 ሰዓት በኋላ አንድም መስመር የለም። ተመስገን፣ ረጋ ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ። ለካ እኩለ ሌሊት ላይ ሲስተሙ የቀኑን ሎግ ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን አድርጎ፣ በዚያው ስም አዲስ ከፍቷል። የእኔ ቴይል የያዘው አሮጌውን ነው። ስህተቱ ሁሉ አዲሱ ላይ ሲጻፍ አደረ። ካፒታል ኤፍ ብዬ ቢሆን ኖሮ በስሙ እየፈለገ አዲሱን ይከፍትልኝ ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አለቃዬ ደወለ። እኔም «እንደምን አደርክ? እዚህ ሰላም ነው፣ ሌሊቱንም...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ተወው» አለኝ።